ሴትዮዋ «ትንሽ ነው» ያሉኝ ሐሙስ

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነው፤ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ አትላንታ ዳር፣ ስኮትዴል ካለው አፓርታማዬ ጠዋት ጠዋት እየተነሳሁ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ የሚኖሩ አንዲት የሰማንያ አራት ዓመት ፈረንጅ ሴትዮ ዘንድ እሠራ ነበር። ሥራዬ መንዳት ነው። መኪናው የራሳቸው ነው፤ ትልቅ፣ ሰማያዊ፣ ጣራውን ፀሐይ የበላው። እሳቸው ከኋላ አይቀመጡም፣ ከጎኔ ነው የሚቀመጡት። ሐኪም ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ጠጉር ቤት። በመሀሉ አምፖል እቀይራለሁ፣ የቆሻሻ በርሜሉን መንገድ ዳር አወጣለሁ። አገሬ ሳለሁ ሃያ ምናምን ዓመት በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ነድቻለሁ። አንዲት አሮጊት ጠጉር ቤት ማድረስን ሥራ ነው ብዬ አልቆጠርኩትም ነበር።

ትምህርት የለኝም ማለት ይቻላል። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ደግሞ አትላንታ ዳውንታውን፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስድስት ዓመት ቆሜ ነው። የመኪና ማቆሚያ እንግሊዝኛ አጭር ነው፤ ና፣ ሂድ፣ ቁም፣ ሞልቷል። ለሥራው ይበቃል። የማይበቃው ሰዎቹ ትልቁን ነገር በትንሽ ቃል ጠቅልለው ሲያቀብሉህ ነው።

አንድ ቀን የማቆሚያው አለቃ መጥቶ «ኤ ስላይት ፕሮብለም» አለብን አለ። ትንሽ ችግር ማለት ነው። እኔ አንድ ቦታ ውኃ የፈሰሰ መስሎኝ መጥረጊያዬን ይዤ ተነሳሁ። ለካ ማቆሚያው ሊፈርስ ነው፤ አሥራ አንዳችንም ያን ለት ከሥራ ወጣን። ሌላ ጊዜ ጥርስ ሐኪም «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል» አለኝ፤ የወንበሩን እጀታ ልነቅለው ምንም አልቀረኝም።

ልጄ ስኔልቪል ነው የምትኖረው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌዎች ትንከባከባለች፣ አገሩን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። እሷን ነው የምጠይቃት።

«ለምን እንዳለ አይናገሩትም?»

«አባዬ፣ ሰው እንዳይደነግጥ ነው። ፖላይት መሆናቸው ነው።»

«ቤት እየተቃጠለ ትንሽ ጭስ ይሸተኛል ማለት ምኑ ነው ጨዋነቱ?»

«አንተ ደግሞ! አገር ቤት ሰው ሲሞት ‹ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና› ተብሎ አይደል ዘመድ የሚጠራው?»

እውነቷን ነው። እኔው ራሴ ስንቱን ሰው «ትንሽ አመም አድርጓቸዋል» እያልኩ በመኪናዬ ጭኜ ለቅሶ ቤት በር ላይ አውርጃለሁ። ግን እኛ ስንለው ሰውየው ያውቃል። ድምፃችንን ይሰማል፣ ፊታችንን ያያል፣ መንገድ ላይ ቀስ በቀስ ይገባዋል። ፈረንጅ ግን ፈገግ ብሎ ነው የሚልህ። ከፊቱ ምንም አታነብም።

ሴትዮዋ በዚህ ከሁሉም ይብሱ ነበር። ሐምሌ ላይ አስፋልቱ ጫማ ሲይዝ «ትንሽ ሞቅ ብሏል» ይላሉ። አንድ ጊዜ በዶፍ ዝናብ የጎረቤት ዛፍ ጋራዣቸው ላይ ወድቆ ጣራውን ለሁለት ከፍሎታል። ጠዋት ስደርስ በር ላይ ቆመው «ማታ ትንሽ ነፋስ ነበር» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ሌላ ቀን ባላቸው ስለሞቱበት ዓመት ጠየቅኋቸው። «ትንሽ ከበድ ያለ ዓመት ነበር» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፣ ሬዲዮኑንም ከፈቱ። ያን ቀን አልሳቅሁም።

እንግዲህ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

እኛ ዘንድ ሰው «ደህና ነኝ» ሲል አይታመንም። እንደገና ይጠየቃል። አሁንም «ደህና ነኝ» ይላል። በሦስተኛው ነው የሆዱን የሚያወጣው። «ጠግቤያለሁ» ያለም ሰው «በሞቴ» ተብሎ ይጎርሳል፤ ያልተለመነ እንግዳ ተከፍቶ ነው የሚሄደው። እኔም ሴትዮዋ ዘንድ እንደ ጀመርኩ ይህንኑ ነበር የማደርገው። በመጀመሪያው ክረምት ኮት አልፈልግም ሲሉ ትከሻቸው ላይ ጣል አደርግላቸዋለሁ። ሾርባ አልበላም ሲሉ አሙቄ ፊታቸው አስቀምጣለሁ። «ፕሊስ ማም፣ ፎር ሚ፣ ፕሊስ» እላለሁ። በሞቴ የሚለውን በእንግሊዝኛ የማውቀው እስከዚያ ድረስ ነው። እሳቸው «ኖ ታንክ ዩ» ይላሉ፤ እኔ ማንኪያውን አቀርባለሁ። የተዋደድን ነበር የመሰለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ደወለልኝ። ሃምሳውን ያለፈ፣ ሁልጊዜ ክራቫት የሚያስር፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «ሰር፣ እናቴ በጣም ትወድዎታለች» አለኝ። «ትንሽ ብቻ ፋታ ቢሰጧት ደስ ይላታል።»

ለልጄ ስነግራት ራሷን ያዘች።

«አባዬ! ይኼ እኮ ዋርኒንግ ነው! ከደገምክ ፋየር ያደርጉሃል።»

«ትንሽ ነው ያለው።»

«ትንሽ ማለቱ በጣም ማለቱ ነው!»

«ታዲያ በጣም ሲሆን ምን ሊል ነው?»

«በጣም ሲሆንማ እሱ አይደውልም፣ የቀጠረህ ኤጀንሲ ነው የሚደውልልህ። ስማኝ አባዬ፣ ሰዉን ፑሽ አታድርግ። አንዴ ጠይቅ። ኖ ካለች ኖ ነው። በቃ ዞር በል። ኦኬ?»

«ኦኬ።»

እኔ ግትር ሰው ነኝ። አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ያንንም ሕግ እንደዚያው ያዝኩት። አንዴ መጠየቅ፣ መልሱን መቀበል፣ አፍን መዝጋት። ዓመት ተኩል እንዲህ ሠራሁ። ሴትዮዋም ደስ አላቸው። ልጃቸው በገና «እናቴ ከእርስዎ ጋር በጣም ተመችቷታል» ብሎ ካርድ ላከልኝ።

ያ ሐሙስ ጥቅምት ውስጥ ነው። ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ልናገር፤ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራቸው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እሳቸው አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። ያን ለት አረፈዱ። ሲወጡ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው እያሻሹ ነው።

«ዛሬ ትንሽ ደስ አላለኝም» አሉ። «እጄም ትንሽ ደንዝዟል። ተኝቼበት ይሆናል።»

«ሐኪም ልጥራ ማም?»

«አይ አይ፣ ደህና ነኝ። ጠጉር ቤቱ እንዳይረፍድብን።»

አንዴ ጠየቅሁ፣ አንዴ መለሱልኝ። ዝም አልኩ።

የመኪናውን በር ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱ፤ እጀታውን ሳቱት። ደግመው ሰደዱ፣ አሁንም ሳቱት። «ምን ሆኛለሁ እኔ» ብለው ሳቅ አሉ። ከፍቼ አስገባኋቸው። ቦርሳቸውን ሁልጊዜ በቀኝ ክንዳቸው ነው የሚያንጠለጥሉት፤ ያን ለት በግራ ነበር። አየሁ። ሹፌር ነኝ፣ ዓይኔ እንዲህ ያለውን ነገር አያልፍም። ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ሌላ ቀን ቢሆን «ያ ሰውዬ መንጃ ፈቃዱን ማን ሰጠው?» እያሉ ከፊታችን ያለውን ሁሉ ይተቻሉ። ያን ለት አንድ ቃል አልወጣቸውም።

የአገሬ ሴት ብትሆን መኪናውን ጥግ አስይዤ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ «እማማ፣ በሞቴ፣ ምን ሆነዋል? ካልነገሩኝ አልንቀሳቀስም» እላት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። የልጃቸው ስልክ ትዝ አለኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ነዳሁ።

ጠጉር ቤቱ በር ላይ ፓርክ አድርጌ እጠብቅ ጀመር። አንድ ሰዓት ነው የሚፈጅባቸው። ያን ለት ሰዉ በዝቶ ነበርና ሁለት ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ ከአርባ ላይ ጠጉር ሠሪዋ እጇ ሙሉ አረፋ ሆኖ እየሮጠች ወጣች። ስገባ ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ወደ ቀኝ ተዘንብለዋል፣ አፋቸው በአንድ ወገን ወርዷል። ሊናገሩ ይሞክራሉ፣ የሚወጣው ግን ቃል አይደለም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ያንን ዓይን አልረሳውም።

አምቡላንሱ ቶሎ መጣ። አንዱ ወጣት ሠራተኛ «መቼ ነው የጀመራቸው?» ብሎ ጮኸ። ጠጉር ሠሪዋ «አሁን ነው፣ አሥር ደቂቃ አይሆንም። ገና ሲገቡ ትንሽ ደከም ብሏቸው ነበር እንጂ ደህና ነበሩ» አለች። ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ።

«የስ» አልኩ። «አሥር ደቂቃ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እሳቸው ራሳቸው ትንሽ ነው ብለዋል፣ ትንሽ ነገር አይቆጠርም ብዬ ነበር። ይህ አንዱ ነው። ሌላው ፍርሃት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ ዛሬም አላውቅም።

ሆስፒታል ስደርስ ልጃቸው ቀድሞኛል። ሲያየኝ መጥቶ አቀፈኝ። ያ ክራቫት የሚያስር ሰው ፊቱን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ፣ ሰር፣ እርስዎ ባይኖሩ» ይላል። ሁለቱም ክንዶቼ ተንጠልጥለው ቀሩ። ላቅፈው አቃተኝ።

አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ መጣች። የልጄ እኩያ የምትሆን ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ለልጃቸው ቀስ ብላ ስትነግረው እኔም ሰማሁ። ጭንቅላት ውስጥ የረጋ ደም ነው። የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፣ ሊሰጧቸው እያዘጋጁ ነው። ግን መድኃኒቱ ሰዓት አለው፤ በእናቱ ዕድሜ ከጀመረ ሦስት ሰዓት ካለፈው ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ የጀመረበትን ሰዓት እርግጠኛ መሆን አለባቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥራ ሁለት ተኩል ይላል።

«ሰር፣ ጠዋት ከቤት ያመጧቸው እርስዎ ነዎት። ከዚያ በፊት ምንም አልነበረም?»

«ኖ» አልኩ።

አልሄደችም።

«የተናገሩት ነገር? ያዩት ነገር?»

«ኖ።»

ወንበሬ ፊት ቁጢጥ አለችና ዓይን ለዓይን ተያየን። «ሰር፣ ምንም ትንሽ ቢሆን። ምንም የማይረባ ቢመስልዎ።»

ሦስተኛዋ ናት። አሜሪካ ከመጣሁ ሦስት ጊዜ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ኤ ሊትል» አልኩ። «እጅ። ትንሽ። ዘጠኝ ሰዓት።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ዘጠኝ ሰዓት? ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

ተነስታ ሮጠች። ነርስ እንዲያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም።

መድኃኒቱን አልሰጧቸውም። ሐኪሙ መጥቶ ለልጃቸው አስረዳው፤ ሰዓቱ አልፏል፣ በሌላ መንገድ እንይዛቸዋለን አለ። ሐኪሙ ሲሄድ ልጃቸው ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነግራዎታለች?»

«ጠየቅኋቸው» አልኩ። «አንዴ ጠየቅሁ። ደህና ነኝ አሉ። ፋታ ስጣት ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ይህን የተናገርኩት በግትርነቴ ነው። በተናገርኩ ጊዜ ራሴም ጠላሁት። ሰውየው በሁለት እጁ ፊቱን አሸት አሸት አደረገ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወደ እኔም አላየም። የጫማውን ጫፍ እያየ «አይ አም ጀስት ኤ ሊትል ዲሳፖይንትድ» አለ። ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ ብቻ።

ያችን ለማስተርጎም ልጄ አላስፈለገችኝም። በመንገድ ላይ ተሰድቤያለሁ፣ በአለቃ ተጮሆብኛል፣ አፋር በረሃ መሀል ጠመንጃ ተደግኖብኛል። እንደዚያች ትንሽ ያለ አንድም ቀን አልመታኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለስድብ መልስ አለኝ።

«ቤትዎ ሄደው ትንሽ ይረፉ፣ ሰር» አለና ተነስቶ ወደ እናቱ ክፍል ሄደ።

ልጄ ከሥራዋ ወጥታ መጣች። ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ በእሷ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳት። ነግሬ ስጨርስ ጮህኩባት።

«አንቺ ነሽ አንዴ ጠይቅ ያልሽኝ!»

«አባዬ፣ እኔ ያልኩህ ስለ ሾርባ ነው! ስለ ኮት ነው! እጇ ሲደነዝዝ ዝም በል መቼ አልኩህ?»

«ትንሽ ነው አሉ።»

«ዛፍ ቤቷ ላይ ወድቆ ትንሽ ነፋስ ነው ያለች ሴትዮ መሆኗን አንተ ነህ እየሳቅህ የነገርከኝ!»

የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረግሁ።

«ፊቷን አላየህም?» አለች፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አየሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ሥራዬን ፈራሁ።»

ይህ ከአፌ ሲወጣ እኔም ያኔ ገና መስማቴ ነበር። ልጄ መሪውን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረግ አድርጋ የአገሩን ምክር መከረችኝ። «ስማኝ አባዬ፣ ሰዓቱን ነግረሃቸዋል፣ ለሕክምናው እሱ ይበቃል። ከዚህ በኋላ አንድ ቃል እንዳትናገር። አሥር ደቂቃ ማለትህን፣ ቦርሳውን፣ የበሩን እጀታ፣ ምኑንም። ሎየር ይዘው ሊከሱህ ይችላሉ። ደውለው ቢጠይቁህ አላስታውስም በል።»

«አስታውሳለሁ እኮ።»

«አባዬ፣ ፕሊስ!»

ፈርታልኝ ነው፤ አልፈረድኩባትም። ስኮትዴል አድርሳኝ ስትሄድ አሁንም በመስኮቱ «ፕሊስ» ትለኛለች።

ሴትዮዋ አልሞቱም። ይህን እዚህ ላይ ልናገረው። ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም፣ ንግግራቸውም ከዚያ በኋላ እየተሰባበረ ነው የሚወጣው፤ ያ መንገድ ላይ ሰዉን ሁሉ የሚተች አፋቸው። በዘጠኝ ሰዓት ቀጥ ብዬ ሆስፒታል ብነዳቸው ኖሮ መድኃኒቱ ይደርስላቸው ነበር ወይ? ከሳምንታት በኋላ ሐኪሙን በራሴ እንግሊዝኛ ጠይቄዋለሁ። «ምናልባት ትንሽ ለውጥ ያመጣ ነበር» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ምን ያህል ማለቱ እንደሆነ ከእንግዲህ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም።

ልጃቸው ግን ያን ቀን የሚያውቀው ዘጠኝ ሰዓትን ብቻ ነበር። ስለ ቦርሳው አያውቅም። መብራት ላይ ቆሜ ልጠይቃቸው ብዬ እንደተውኩት አያውቅም። እናቱ «ደህና ነኝ» ማለታቸውን ሰምቶ፣ ሁሉም ነገር እሳቸው ስለደበቁት የመጣ ሊመስለው ነው። እኔ እንዳየሁ ካልነገርኩት ጥፋቱን እናቱ ላይ አድርጎ ነው የሚኖረው።

በማግሥቱ ጠዋት ተነስቼ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። እንግሊዝኛ በትልልቁ ፊደል ብቻ ነው የምጽፈው፣ ያውም አንዷን ፊደል ሳወጣ ቆም እያልኩ ነው። ከላይ ሰዓቱን፣ ከጎኑ ያየሁትን አደረግሁ። ዘጠኝ ሰዓት፣ አርፍደው ወጡ፣ እጄ ደንዝዟል አሉ። የመኪናውን በር ሁለት ጊዜ ሳቱ። ቦርሳ በግራ እጅ። መንገድ ላይ ዝም። እኔ አንዴ ብቻ ጠየቅሁ፤ ያየሁት ግን ሁሉንም ነው። አሥራ አንድ ከአርባ፣ አፋቸው ወረደ። ለአምቡላንሱ አሥር ደቂቃ አልኩ፣ ውሸት ነው። ትንሽ የምትለዋን ቃል የትም ቦታ አልጻፍኳትም። ሰዋስው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ከታች ስሜን ፈረምኩ።

ለልጄ አልደወልኩላትም። በራሴ መኪና ሆስፒታል ሄድኩ። ሰውየው ኮሪደሩ ላይ፣ የትናንቱን ሸሚዝ እንደለበሰ ተቀምጧል፤ ክራቫቱን ፈትቶታል። «ጉድ ሞርኒንግ» አልኩትና ወረቀቱን ሰጠሁት። አንብቦ እስኪጨርስ ፊቱ ቆምኩ።